የነጋዴ ስምና ቀን በፓስፖርት ላይ
ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ ነጋዴዎች የሚጠቅም ትምህርት

ከታጁራና ከዘይላ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ፣ ጭነቱን የሚያራግፈው ከአንኮበር ተራራ ሥር ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ይሁን እንጂ የባሕር ማዶ እንግዳ የንጉሡን ፈቃድ ሳያገኝ ወደ አንኮበር ሊወጣ አይችልም ነበር። በ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1841) የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ስጦታ አስጭኖ ሲመጣ፣ የይፋት ገዥ በነበሩት በወላስማ መሐመድ ግዛት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመፈራረም የቻለው ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ነው። ከ1831 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ የተቀመጠውና በንጉሡ ዘንድ የታወቀው ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ግን በ1834 ዓ.ም. ከሸዋ ወጥቶ እንደገና በታጁራ በኩል ሊመለስ ቢሞክር መግቢያ ተከልክሎ ቀርቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ በአገር በር ላይ የሚያገለግለው የትናንት ትውውቅ ሳይሆን የዛሬ ፈቃድ መሆኑን ነው።

በዛሬው ዘመን ፈቃድ ጠያቂው የደብረ ብርሃን ወይም የአንኮበር ነጋዴ ራሱ ሆኗል። ስለ ኢሚግሬሽን የወጣው አዋጅ ቁጥር 354/1995 ከኢትዮጵያ የሚወጣ ሰው የጸና የጉዞ ሰነድ እንዲይዝ ያዛል። የሚሄድበትም አገር የራሱን ቪዛ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ፓስፖርቱን ካገኘ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ነጋዴን ከመንገድ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ የፓስፖርት ማጣት አይደለም። ፓስፖርቱ ከንግድ ፈቃዱ፣ ከባንክ ደብዳቤው፣ ከግብዣ ወረቀቱና ከአውሮፕላን ቲኬቱ ጋር አለመስማማቱ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስምና ቀን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ የሚሆኑበትን መንገድ በተራ ያስረዳል።

1ኛ/ ስለ ስም አጻጻፍ

ለትምህርት ያህል በደብረ ብርሃን ከተማ የብርድ ልብስና የክር መደብር ያለው አንድ ነጋዴ እናስብ። ስሙ ገብረ ጻድቅ፣ የአባቱም ስም ወልደ ማርያም ይባል። በንግድ ፈቃዱ ላይ «ገ/ጻድቅ ወ/ማርያም» ተብሎ ተጽፏል። ይህ አጻጻፍ በአገር ቤት ማንንም አያሳስትም፤ «ገ/» ገብረ፣ «ወ/» ወልደ መሆኑን ያላወቀ አይገኝምና። በውጭ አገር ቆንስላ ያለው ጸሐፊ ግን እዝባሩን ምን ብሎ ያነበዋል? ወይም ይተወዋል፤ አለዚያም አንዱን ፊደል ብቻ እንደ ስም ይቆጥረዋል።

ስሙ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት ጊዜ ችግሩ ይብሳል። «ገብረ ጻድቅ» በአንድ ቃል ሊጻፍ ይችላል፤ በሁለት ቃልም ሊጻፍ ይችላል። «ጻ» የሚለውን ድምፅ አንዱ በ«ቲ»ና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፈዋል። የመጨረሻውን «ቅ» አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፈዋል። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ስምንት ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው የመጀመሪያ ስም ብቻ በስምንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው፤ የአባቱና የአያቱ ስም ሲጨመርበት ቁጥሩ ስንት እንደሚደርስ አንባቢው ራሱ ያስላው። ለእኛ ስምንቱም አንድ ሰው ናቸው። ለባዕድ መኰንንና ለመመርመሪያ መሣሪያ ግን ስምንት ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው መቼ ነው ቢባል፣ የማመልከቻው ቅጽ በሚሞላበት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። የፓስፖርት ማመልከቻ በአሁኑ ጊዜ በኢንተርኔት ስለሚሞላ፣ ብዙ ነጋዴ ሥራውን ለጽሕፈት ቤት ልጅ ወይም ለኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ይሰጣል። ሠራተኛው ሰውየውን ሳይጠይቅ እርሱ በለመደው አጻጻፍ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ ያ አጻጻፍ ፓስፖርቱ እስኪያልቅ ድረስ የሰውየው ስም ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ተጓዡ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በላቲን ፊደል በወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድ፣ ቅጹም ከመላኩ በፊት ፊደል በፊደል ማስተያየት ይገባዋል። ማንበብ የማይችል ቢሆን የሚያምነውን ሰው ያስነብብ።

የፓስፖርቱን ስም እንዴት አድርጎ ወደ ሌላ ወረቀት መገልበጥ እንደሚገባም ማወቅ ያስፈልጋል። ፎቶግራፉ ባለበት ገጽ ግርጌ በመሣሪያ የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ መስመር 44 ምልክት ይይዛል። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ኢ ቲ ኤች» ከሚለው የኢትዮጵያ መለያ በኋላ አስቀድሞ የሚመጣው እንደ ቤተሰብ ስም የተመዘገበው ነው። ከእርሱ በኋላ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች ተከታትለው ይቆማሉ፤ ከእነርሱ ወዲያ ያለው የተጠሪው ስም ነው። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የውጭ አገር ቅጽ ግን ሳይጠይቅ አያልፍም። የቤተሰብ ስምህ ማነው ሲባል አንድ ጊዜ የአባትን፣ አንድ ጊዜ የአያትን ስም እየለዋወጡ ከመጻፍ፣ በእነዚህ መስመሮች ላይ የተመዘገበውን ብቻ መገልበጥ ከስሕተት ያድናል።

ሴት ነጋዴዎችም አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን ሚስት የባሏን ስም አትወርስም። ባልና ሚስት አብረው ሲጓዙ ስማቸው የተለያየ ስለ ሆነ ቆንስላው ዝምድናቸውን በስም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ መያዝ ይጠቅማል።

2ኛ/ ስለ ትውልድ ቀን

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ድረስ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 22 ራሷ የአውሮፓ አዲስ ዓመት ትሆናለች። ሦስት ምሳሌ እንይ፦

መስከረም 5 ቀን 1970 ዓ.ም. = ሴፕቴምበር 15 ቀን 1977
ጥር 5 ቀን 1970 ዓ.ም. = ጃንዋሪ 13 ቀን 1978
ጳጉሜን 3 ቀን 1980 ዓ.ም. = ሴፕቴምበር 8 ቀን 1988

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደሚታየው፣ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ በዓመቱ ላይ ብቻ 7 ወይም 8 መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። ጥር 5 ቀን የተወለደ ሰው «5ኛው ወር» ተብሎ ቢጻፍለት በአውሮፓው ሜይ ተወለደ ማለት ይሆናል። በጳጉሜን የተወለደውማ 13ኛ ወር የሌለው ቅጽ ይገጥመዋል።

ከፓስፖርቱ በፊት መታየት የሚገባቸው የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ናቸው። የፋይዳ መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከተቋቋመ ወዲህ የስምና የትውልድ ቀን ዋና መመዝገቢያ እየሆነ ሄዷል። እዚያ ላይ ስሕተት ያለበት ሰው ፓስፖርት ከማውጣቱ በፊት ያስተካክል። ፓስፖርቱ ትክክል ሆኖ ከወጣና ቪዛ ከተመታበት በኋላ ግን ደንቡ ይገለበጣል፤ ሌላው ወረቀት ሁሉ ፓስፖርቱን ይከተላል እንጂ ፓስፖርቱ ሌላውን አይከተልም። ነጋዴው ስሙን በንግድ ፈቃዱ፣ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና በባንክ ሒሳቡ ላይ እንደ ፓስፖርቱ ሙሉ አድርጎ ያስጽፍ። ገ/፣ ወ/፣ ኃ/ እና ተ/ የሚሉትን አጭር አጻጻፎች ያስቀር።

3ኛ/ ስለ ፓስፖርቱ ዕድሜና ገጾች

ፓስፖርት የማለቂያ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ያገለግላል ብሎ ማመን ነጋዴን ያሳስታል። ብዙ አገሮች ተጓዡ በሚገባበት ቀን ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የጸና ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ። የሸንገን ስምምነት አባል የሆኑ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ተጓዡ ከሚወጣበት ቀን በኋላ 3 ወር እንዲተርፈው፣ ፓስፖርቱም ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው እንዲሆን ያዛሉ።

ያ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ወደ ቻይና ወደ ጓንጁ ከተማ ሊሄድ አሰበ እንበል። በዚያ ከተማ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ታላቅ የንግድ ትርኢት ይደረጋል። የፀደዩ አፕሪል 15 (ሚያዝያ 7)፣ የመኸሩ ኦክቶበር 15 (ጥቅምት 5 ገደማ) ይከፈታል። የነጋዴው ፓስፖርት የሚያልቀው በጃንዋሪ ወር ነው። በጥቅምት ሲያየው ሦስት ወር ስለሚቀረው የጸና ነው ብሎ ይተማመናል። ነገር ግን የ6 ወር ደንብ ላለበት አገር ፓስፖርቱ ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ስለዚህ የማሳደሻው ጊዜ የሚቆጠረው ከማለቂያው ቀን ወደ ኋላ አንድ ዓመት ያህል ነው።

ከዚህም ጋር የወሩ ቁጥር እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በፓስፖርትና በቪዛ ላይ ያለው ቀን የአውሮፓ ነው። በእኛ 5ኛው ወር ጥር ሲሆን በእነርሱ 5ኛው ሜይ ነው፤ በእኛ 12ኛው ነሐሴ ሲሆን በእነርሱ 12ኛው ዲሴምበር፣ ማለት ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ። ስለዚህ ለውጭ ደንበኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የወሩን ስም በቃል ቢጽፍ ይሻላል።

ፓስፖርቱ ለቪዛና ለማኅተም የሚሆን ሁለት ያህል ባዶ ገጽ እንዳለውም ይመልከት። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መረጃን በውስጡ የሚይዝ ቺፕ ያለበት አዲሱ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ሥራ ላይ ውሏል። ቺፑ እንዳይጎዳ ፓስፖርቱን ማጠፍ፣ በስቴፕለር መምታትና በእርጥበት ማኖር አይገባም። አዲስ ፓስፖርት ያወጣ ሰው ቁጥሩ ስለሚለወጥ ለቲኬት ቤቱና ለጋባዡ ድርጅት ያስታውቅ። በአሮጌው ላይ ያላለቀ ቪዛ ካለ ሁለቱንም ይዞ ይጓዝ።

4ኛ/ ስለ ቪዛ

በቪዛ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጻፋሉ፤ እነዚህን ማደባለቅ ብዙ ጉዳት ያመጣል። አንደኛው ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው በአገሩ ውስጥ መቀመጥ የሚፈቀደው የቀን ብዛት ነው። ሦስተኛው ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል ነው። ሦስት ወር የሚያገለግል ቪዛ 30 ቀን ብቻ መቀመጥ ሊፈቅድ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ መግቢያ የያዘ ነጋዴ ለሁለት ቀን ወደ ጎረቤት አገር ቢሻገር ተመልሶ ዕቃውን ሊያስጭን አይችልም።

ለንግድ የሚሄድ ሰው የንግድ ቪዛ ይጠይቅ። የጉብኝት ቪዛ ይዞ የናሙና ሻንጣ ያስከተለ ሰው በመግቢያው በር ጥያቄ ይበዛበታል። ቪዛ ደግሞ በሩን የማንኳኳት መብት ነው እንጂ የመግባት ዋስትና አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው በበሩ ላይ ያለው መኰንን ነው። ስለዚህ የግብዣው ደብዳቤ፣ የሆቴሉ ክፍያና የመመለሻው ቲኬት ከእጅ መራቅ የለባቸውም።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ነጋዴ ጊዜውን አስፍቶ ይያዝ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የቪዛ መልስ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛም እንዳይሰጥ ገድቧል። አመልካቹ በቀጠሮው ጊዜ የሚሠራበትን ደንብ ከቆንስላው ጠይቆ ይረዳ። በሸንገን አገሮች በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይፈቀድም። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መግቢያና መውጫን በአሻራና በፎቶግራፍ የሚመዘግብ መሣሪያ በየበሩ መሥራት ስለ ጀመረ፣ የቀኑ ቁጥር በማኅተም መደብዘዝ የሚሳሳት አልሆነም።

በቻይና ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። እንግዳው በሆቴል ካደረ ሆቴሉ ራሱ ለፖሊስ ያስመዘግበዋል። በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት ካደረ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። የሆቴል ወጪ ለማዳን ከአገር ልጅ ቤት የሚያርፍ ነጋዴ ይህን አይርሳ።

5ኛ/ አብረው ስለሚሄዱ ወረቀቶች

የንግድ ፈቃድና የጋብቻ ወረቀት ሲተረጐሙ ተርጓሚው ስሙን በራሱ አጻጻፍ እንዳይጽፍ የፓስፖርቱ ቅጂ አስቀድሞ ይሰጠው። ትርጉሙ በሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አገልግሎት፣ እንደ አስፈላጊነቱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ንግድ ምክር ቤት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍ የሚጠይቅ አባልም የፓስፖርቱን ቅጂ ከማመልከቻው ጋር ያያይዝ።

የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጠይቁ አገሮች ብዙ ናቸው። ክትባቱ በሕግ የጸና የሚሆነው ከተወጋበት ቀን 10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ በጉዞው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። ከጁላይ 11 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ የቆየው ካርድ አይጣል። በዚህም ካርድ ላይ ስሙ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ።

6ኛ/ ስለ ቲኬት ሰዓት

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ያልተማረ ሰው ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። ቲኬቱ «ኦክቶበር 14፣ 00፡40» የሚል ከሆነ፣ በእኛ አነጋገር ኦክቶበር 13 መሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ነጋዴ በ14ኛው ቀን አምሽቶ ወደ ቦሌ ቢደርስ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ቀን ያህል ቀድሞት ሄዷል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ አንኮበርም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በክረምት ጉምና ዝናብ መንገዱን ያዘገዩታል። ስለዚህ ከዚህ አካባቢ የሚነሣ ተጓዥ በቲኬቱ ቀን ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ገብቶ ቢያድር መልካም ነው።

7ኛ/ ስለ አያያዝና ስለ መጥፋት

ፓስፖርት የመንግሥት ሰነድ ነው። ለመያዣነት፣ ለብድር ዋስትና ወይም ለዕቃ ቀብድ አይሰጥም። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ፓስፖርትን ከባዶ ፊርማ ጋር አሳልፎ መስጠት በራስ ስም ሌላ ሰው እንዲጓዝ በር መክፈት ነው። ተጓዡ የፎቶግራፉንና የቪዛውን ገጽ ሁለት ቅጂ ያንሣ፤ አንዱን በሱቁ ጸሐፊ ዘንድ ያስቀምጥ፣ አንዱን ከፓስፖርቱ ለይቶ ይያዝ።

በውጭ አገር ከጠፋ፣ አስቀድሞ ለአካባቢው ፖሊስ አስታውቆ ማስረጃ መቀበል፣ ቀጥሎ በአቅራቢያው ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መሄድ ያስፈልጋል። ኤምባሲው ወደ አገር ብቻ የሚመልስ ሊሴ ፓሴ የተባለ የይለፍ ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ወረቀት ሌላ ገበያ መዞር አይቻልም። ቅጂ የያዘ ሰው ማንነቱን ለማስረዳት የሚፈጅበት ጊዜ በጣም ያጥራል።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ መደብሩ ባለቤት እንመለስ። ለትርኢቱ የሆቴል ከፍሏል፤ ለአምራቹ ቀብድ ሰዷል፤ ለደብረ ሲናና ለመሐል ሜዳ ቸርቻሪዎች ከገና በፊት ዕቃ እንደሚያደርስ ቃል ሰጥቷል። ከአንድ «ገ/» የተነሣ ቢቀር የሚከስረው የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱን ገበያና በደንበኛ ዘንድ ያለውን እምነት ነው። ቲኬት ሌላ ይገዛል፤ የተበላሸ ቃል ግን ቶሎ አይታደስም። ስለዚህ ማናቸውም ተጓዥ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ፦

1. ስሜ በፓስፖርቱ፣ በንግድ ፈቃዱ፣ በባንክ ደብዳቤው፣ በግብዣውና በክትባት ካርዱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ነውን?
2. የትውልድ ቀኔ በሁሉም ላይ አንድ ነውን?
3. ከመግቢያዬ ቀን ጀምሮ ፓስፖርቱ 6 ወርና ሁለት ባዶ ገጽ ይቀረዋልን?
4. ቪዛው ለንግድ ነውን? ስንት ቀንና ስንት ጊዜ ይፈቅዳል?
5. ቲኬቱ የሚለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የየትኛው ሌሊት ነው?
6. ቅጂው በሱቄ አለን?

ለስድስቱም መልካም መልስ ያገኘ ተጓዥ ቲኬቱን ይቁረጥ፤ አንዱን መመለስ ያቃተው ግን አስቀድሞ ወረቀቱን ያስተካክል።